አምስተኛው ልዑክ

ቡሬ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ ቄስ አድማሴ
ሰከላ

አባታችን፣ ይፍቱኝ።

እንደምን ሰነበቱ? ብርዱስ እንዴት አደረገዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የላኩት ደብዳቤ ገበያ ዕለት በአቶ ጋሹ እጅ ደርሶኛል። አቶ ጋሹ ድንቹን ከመኪና ሳያራግፍ በቀጥታ ትምህርት ቤት በር ላይ መጥቶ «የክንዱ አባት የሰጡኝ ነው፤ ከእጅሽ ሳላደርስ አልሄድም» ሲለኝ ደነገጥኩ። እዚህ ወላጅ የሚመጣው ልጁ ሲደባደብ ወይም ሲባረር ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ ወላጅ ገጥሞኝ አያውቅም። ሳልከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ትንሽ አየሁት።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ የክንዱ የክፍል ኃላፊ እኔ ነኝ፤ ባዮሎጂም የማስተምረው እኔው ነኝ። ልጅዎ ደህና ነው፤ አልታመመም። ሌሎቹ የገጠር ልጆች ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ ወደየቤታቸው ሲሄዱ እሱ ለምን ከጥቅምት ወዲህ እንደቀረ ለጠየቁኝ፣ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለሆነ ጥናት በዝቶበታል። በዚያ ላይ እኔ የማስተባብረው አንድ ክበብ አለ። ተማሪዎች ሲጋራ እንዲተዉ የምንረዳበት ክበብ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንሰበሰባለን። ክንዱ እዚያ አይቀርም። እንግዲህ ቅር ቢሰኙ በእኔ ይሰኙ እንጂ በእሱ አይሁን።

ስንቁን ከጓደኞቹ ጋር እንደሚበላ ነግሮኛል። ጋቢውንም ለብሶት አይቻለሁ። ስለ ጋቢው ለምን እንደጠየቁኝ ግን አልገባኝም። ንጹሕ ነው፤ አጥቦታል።

ለበዓል እንዲመጣ ያሉትን እነግረዋለሁ።

አክባሪ ልጅዎ
ያምሮት ይርሳው


ሰከላ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለክብርት መምህርት ያምሮት ይርሳው
ቡሬ

እግዚአብሔር ይፍታዎ፤ ጊዮርጊስ በቸር ያቆይዎ።

ደብዳቤዎ ደርሶኝ አነበብሁት፤ ማታም ደገምሁት። ቅር አልተሰኘሁም። ልጁን ያህል ነገር አምኖ የሰጠ ሰው በምን አፉ ቅር ይሰኛል? እርስዎም የሰው ልጅ ነዎት፣ ለሰው ልጅ የሚደክሙ። ብድሩን እሱ ይክፈልዎ።

ከማን ጋር እንደምኖር በጋሹ አፍ ጠይቀውኛል አሉ። ከማንም ጋር አይደለሁም። የክንዱ እናት ካረፈች ወዲህ ቤቱ የእኔና የበቅሎዬ ነው። ቄስ ሚስቱ ብትሞት ሌላ አያገባም፤ ቢያገባ ክህነቱ ይቀራል። ሴቷ ልጄ አልጣሽ ወደ ሊበን አገር ተድራ ልጆች ወልዳለች፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብትመጣ ነው። ጎረቤት አይጠፋም፣ ይጠይቁኛል። ነገር ግን ለአንድ ሰው እሳት ማንደድ ደስ አይልም፤ አንዳንድ ቀን ቆሎ ቆርጥሜ እተኛለሁ።

እንግዲህ የልጁን መምጣት የምፈልግበት ምክንያት ናፍቆት ብቻ አይደለም። እርስዎ ከተሜ ስለሆኑ ላስረዳዎ። ለቅዳሴ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት። አንዱ ከጎደለ ቅዳሴ የለም። በእኛ ጊዮርጊስ እኔና ቄስ ገብረ ሕይወት አለን፤ ሁለት ትንንሽ ዲያቆናት አሉን። አምስተኛው ክንዱ ነው። ሰንበት ሰንበት ከማዶ ማርያም አንድ ዲያቆን እንዋሳለን። ለጥር ጊዮርጊስ ግን ዘንድሮ አንዋስም፤ የራሴ ልጅ ይመጣል ብያቸዋለሁ። እንደ አባቱ ሳይሆን ድምፁ ያማረ ነው፤ ሕዝቡም ይወደዋል።

ስለ ክበብዎ ግን ነገሩ ከነከነኝ። በእውነት በቡሬ ሲጋራ የሚያጨስ ተማሪ አለ? ለምን ያጨሳሉ? ምን ጎድሎባቸው? እኔ ልጅ ሳለሁ በአገራችን ትንባሆ የሚያጨስ ሰው ሲሞት ፍትሐት የለውም እየተባለ ነበር ያደግነው። ይህን በደንብ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ትንሽ ገብስ በጋሹ ልኬያለሁ። ለክንዱም ለእርስዎም ነው።

ቄስ አድማሴ


ቡሬ፣ ጥር 7 ቀን 2001 ዓ.ም.

አባታችን፣ ይፍቱኝ።

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ። ገብሱ ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አከራዬ ቆልታልኝ ከተማሪዎቹ ጋር ቆረጠምነው።

ለምን ያጨሳሉ ብለውኛል። እኔም መጀመሪያ ይህንኑ ነበር የጠየቅኳቸው። አንዱ «ቲቸር፣ ሲጋራ ረሃብ ይቆርጣል» አለኝ። ሌላው «ሲመሽ ምን እንሥራ?» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከገጠር የሚመጡት ልጆች ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ከቤት ያመጡት ስንቅ ሳምንቱ ሳይጋመስ ይሻግታል ወይም ያልቃል። ከትምህርት ሲወጡ የሚቆጣቸው የለ፣ የሚጠብቃቸው የለ። ኪዮስኩ ሲጋራ በፍሬ ይሸጣል። አንዷን ለአራት ተቀባብለው ያጨሷታል። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ባሕር ዛፉ ውስጥ ተቃቅፈው ተቀምጠው ሳያቸው፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ከመቆጣት ይልቅ አብሬያቸው መቀመጥ አማረኝ። እኔም ከክፍሌ ስገባ የሚጠብቀኝ የለም።

ክበቡን ስጀምር ከጤና ጣቢያ የጠቆረ ሳንባ ሥዕል አምጥቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። «የተቃጠለ ድንች» የሚል ስም አወጡለትና አለፉት። አሁን ሲጋራው ሲያምራቸው፣ ከትምህርት በኋላ እስኪመሽ ባለው ሰዓት፣ ቤተ ሙከራ እየመጡ ከእኔ ጋር ይቀመጣሉ። ያጠናሉ፤ ያወራሉ።

የት ተወለዱ ብለው በአቶ ጋሹ ላስጠየቁኝ፣ ጢስ ዓባይ ነኝ። እርስዎ ከሚኖሩበት አገር የሚነሣው ውኃ እኛ ጋ ሲደርስ ነው የሚጮኸው። አሁንማ ውኃውን ለመብራት ወስደውት ፏፏቴው ቀጥኗል፤ እናቴ «ጸጥታው አላስተኛ አለኝ» ትላለች።

ክንዱ ለጥር ጊዮርጊስ እመጣለሁ ብሏል። በዋዜማው ከአቶ ጋሹ ጋር ይሳፈራል። ፈቃድ ከርዕሰ መምህሩ ወስጄለታለሁ።

ክንዱ ራሱ ያጨሳል ወይ ብለው አልጠየቁኝም። እኔም ያልተጠየቅኩትን አልመልስም።

ያምሮት


ሰከላ፣ ጥር 23 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለመምህርት ያምሮት

እንደምን ሰነበቱ?

ክንዱ አልመጣም።

በዋዜማው ጥሊሊ ድረስ በቅሎ ይዤ ወርጄ ጠበቅሁት። ጋሹ ብቻውን ከመኪና ወረደ። ልጁን መናኸሪያው ላይ አይቶት ነበር አለኝ፤ ስሙን ጠርቶ «ና እንጂ ቶሎ» ሲለው ሰው መሐል ገብቶ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ የማርያም ዲያቆን አስጠርቼ እንዳላመጣ ሌሊቱ ደረሰ፣ መንገዱም ራቀ። በማግሥቱ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ መጣ። ታቦቱ አለ፣ ቄስ አለ፣ ሕዝብ አለ፤ ቅዳሴው ግን ታጎለ። በጊዮርጊስ በዓል ጊዮርጊስ ሳይቀደስበት ዋለ። ሴቶቹ ሕፃናት ሊያቆርቡ ጡት ሳያጠቡ አምጥተዋቸው ነበር፤ ሲያለቅሱ ይሰማኝ ነበር። አንድ ሽማግሌ «ልጅህ ይመጣል አላልኸንም?» አሉኝ።

ቁጣ አይደለም ይህን የሚያጽፈኝ። ቁጣውስ አልፎልኛል። የማልችለው አለማወቁን ነው። ታሞ ይሆን? ከሰው ተጣልቶ ይሆን? ወይስ ከተማ ገብቶ በእኔ አፍሮ ይሆን? ባለፈው ዓመት ስንቅ ይዤለት ቡሬ ስመጣ ከጓደኞቹ ጋር ነበር፤ ጥምጥሜን ሲያዩ ሣቁ መሰለኝ። ያ ከሆነ ይንገሩኝ፤ ሁለተኛ አልመጣበትም። ባይማር እንኳ በሬ አለኝ፣ መሬት አለኝ፤ ልጅ ግን ሌላ ወንድ የለኝም።

አንዲት ቃል ይጻፉልኝ። ከዚህ በላይ አልለምንዎትም።

ቄስ አድማሴ


ቡሬ፣ የካቲት 8 ቀን 2001 ዓ.ም.

አባቴ፣ ይፍቱኝ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤዎን ባነበብኩ ቀን ክፍል ገብቼ ማስተማር አቃተኝ። ልጆቹን አንብቡ ብዬ መስኮቱ ጋ ቆሜ ዋልኩ።

አላፈረብዎትም። ይህን በእናቴ ስም እምልልዎታለሁ። ስለ እርስዎ ሲናገር ቢሰሙት ቅር ያለዎት ሁሉ ይጠፋል። ስለ ድምፅዎ፣ ስለ በቅሎዋ፣ ገና ልጅ ሳለ ጎንበስ ብለው ጽናጽል እንዴት እንዳስያዙት ያወራልኛል። ደግሞ አልታመመም፤ ከማንም አልተጣላም። መናኸሪያ ድረስ ሻንጣውን ይዞ ሄዷል። መኪናው ሲንቀሳቀስ ቆሞ አይቶታል።

ታዲያ ለምን ይሉኛል። እሱን ነው የማልነግርዎት። ክንዱ ያመነኝ ለማንም አልናገርም ብዬ ስለማልኩለት ነው። አሁን ብናገር ሁለተኛ አንድም ልጅ አያምነኝም፤ ያ ቤተ ሙከራም ባዶ ይሆናል። ልጅዎን ለማዳን ቃሌን ማጠፍ ይገባኝ እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ አድራለሁ። ብቻዬን ነኝና የምጠይቀውም ሰው የለኝም። ርዕሰ መምህሩ «ክበብ ማለት ሪፖርት ነው» የሚሉ ሰው ናቸው።

ለወሬ ያህል፣ ክበባችን ጥሩ ደረጃ ደርሷል። ከሚያጨሱት ልጆች አብዛኞቹ ከጥቅምት ወዲህ ጨርሰው ትተዋል። እንዴት ተሳካልሽ ብለው ከወረዳ መጥተው ጠይቀውኛል። ፖስተር ያልሠራውን የሚሠራ ጠንካራ መላ ዘይጄ ነው፤ በእግዚአብሔር ስም የሆነ ነገር ስለሆነ እርስዎም ቢሰሙ የሚመርቁኝ ይመስለኛል።

እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁኝ።

ያምሮት


ሰከላ፣ የካቲት 30 ቀን 2001 ዓ.ም.

ልጄ ያምሮት፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ።

አንቺ ብዬ ብጽፍ አትቀየሚኝ። የአልጣሽ ታናሽ ትሆኛለሽ።

ቃልሽን አታጥፊ። ደግ አድርገሻል። የማውቀውን እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ዝም በዪ።

ለመስቀል ቤት መጥቶ ሳለ ጋቢውን ፀሐይ ላይ ላሰጣ አነሣሁት። ሸተተኝ። እኔ የዕጣንን ሽታ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ያ ዕጣን አልነበረም። መልሼ አጥፌ አስቀመጥሁት። ልጁን አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው አዎ ይለኛል፤ አዎ ካለኝ መቅደስ አትግባ ማለት አለብኝ፤ ያን ካልሁት ደግሞ ቤትም የማይመጣ መሰለኝ። በዚህ ቤት ከእሱ ሌላ ማን ይመጣልኛል? ስለዚህ ዝም አልሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ነቅዟል፤ አየሁት።

ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ነው። «ጠንካራ መላ፣ በእግዚአብሔር ስም» ብለሻል። ይህን ካነበብሁ ወዲህ ሳሰላስለው ከረምሁ። ያምሮት፣ ልጆቹን በቄስ አስገዝተሻቸው ይሆን?

ከሆነ ነገሩ ተፈታልኝ። ሌላው ልጅ ግዝት ቢጥስ ይፈራል፣ ያለቅሳል፣ ንስሐ አባቱ ዘንድ ይሄዳል፤ ኑሮው ይቀጥላል። ዲያቆን ግን ቤቱ ሲመጣ መቅደስ ነው የሚገባው። ግዝት ጥሶ ቢገባ በድፍረት ነው። አልገባም ቢል አባቱ ለምን ይለዋል። እንግዲህ የቀረለት መንገድ አለመምጣት ብቻ ነው። እኔ «ጊዮርጊስ ና» ባልሁት ቁጥር የበለጠ አርቄዋለሁ።

የገዘተ ካልፈታ ሌላው አይገባበትም። እኔ አባቱ ብሆንም ልፈታው አልችልም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው፤ የገዘተው ማን እንደሆነ ብቻ ጻፊልኝ። ሌላውን አልጠይቅሽም።

ጾሙ እንዴት ይዞሻል?

ቄስ አድማሴ


ቡሬ፣ መጋቢት 11 ቀን 2001 ዓ.ም.

አባቴ፣ ይፍቱኝ።

ደብዳቤዎን ለክንዱ አነበብኩለት። «ያውቅ ነበር?» ብሎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ከዚያ «አሁን ንገሪው» አለኝ። ስለዚህ ሁሉንም እጽፋለሁ።

አስገዝቻቸዋለሁ። ርዕሰ መምህሩ «ትምህርትና ሃይማኖት ለየብቻ ነው፤ ቄስ ግቢ ውስጥ እንዳላይ» ሲሉኝ ብልጥ ነኝ ብዬ ልጆቹን እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወሰድኳቸው። ሙስሊሞቹ ልጆች ከበሩ ውጭ ቆመው ጠበቁን። አንድ ደግ አረጋዊ ቄስ ለምኜ ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ ብታጨሱ በጴጥሮስ ሥልጣን ግዝት ትሁኑ» አሏቸው። ልጆቹ አሜን አሉ። ክንዱም አለ። እኔ በባዮሎጂዬ ሱስ ምን እንደሆነ አስተምራለሁ፤ የሰው ደም የለመደውን በአንድ ቀን አሜን እንደማይተው አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው ያደረግኩት። አብዛኞቹ ሲተዉ ደግሞ ኮራሁ።

ክንዱ ኅዳር ሳይገባ ወደቀ። አንድ ቀን ሁሉም ሲወጡ ቤተ ሙከራው ውስጥ ቀረና «ቲቸር፣ ግዝት የጣሰ ዲያቆን መቅደስ ቢገባ ምን ይሆናል?» አለኝ። እኔ ሣቅሁ። «ምንም አይሆንም፤ ሳንባህ ግን ይጎዳል» አልኩት። ከዚያ በኋላ ነገሩን በሙሉ ነገረኝና አስማለኝ። ያን ሣቅ ባስታወስኩት ቁጥር ራሴን እጠላለሁ።

አሁን የምጽፍልዎ ሌላም ነገር አለ፤ ለዚህ ነው ደብዳቤውን የገበያ ቀን ሳልጠብቅ በሹፌር የላክሁት። የዕቃ ግምጃ ቤቱ አቶ ትዕዛዙ ዛሬ ጠርቶኝ «ያ የሰከላው ልጅ መጽሐፎቹን መለሰ» አለኝ። እዚህ መጽሐፍ መመለስ ማለት ትምህርት መተው ነው። ክንዱን ፈልጌ ስጠይቀው «አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ እዚያ የማንም ሰው ልጅ አይደለሁም፤ ማንም መቅደስ ግባ አይለኝም» አለኝ። ለፈተናው የቀረው ትንሽ ነው። ለመንኩት፤ ተቆጣሁት፤ አብሬው አለቀስኩ። እስከ እሑድ ብቻ ቆይ ብዬዋለሁ። እቆያለሁ ብሏል፤ እመኚኝ ግን አላለኝም።

የገዘቱት ቄስ እዚሁ ቡሬ አሉ። ይምጡ።

ያምሮት


ቡሬ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

አባቴ፣ ይፍቱኝ። እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ።

በጾም መሐል ቤተ ክርስቲያንዎን ለቄስ ገብረ ሕይወት አደራ ብለው ያን ሁሉ መንገድ መምጣትዎን አልረሳውም። እስካሁን በዓይኔ ላይ አሉ፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ በቅሎዋን ይዘው ቆመው፣ ዘበኛው አላስገባም ሲልዎት «ግድ የለም ልጄ፣ እዚሁ ይምጣ» ሲሉት። ክንዱ ወጥቶ ሲያይዎት ዘበኛው አጠገብ ቀረ። እርስዎ ነዎት የሄዱለት። የተባባላችሁትን አልሰማሁም፤ ልሰማም አልፈለግኩም።

ከሄዱ በኋላ ምን ሆነ ብለው ለጠየቁኝ፣ እንዳሉት ሆኗል። አረጋዊው ቄስ ልጆቹን ሁሉ ሰብስበው ግዝቱን ፈቱላቸው። «እኔም አፌ ቀድሞኝ ነበር» አሉ። ክንዱ ንስሐውን ለሳቸው ነገረ፤ «እኔ አባትህ እንጂ የንስሐ አባትህ አይደለሁም» ማለትዎን ነገረኝ። ጨርሶ እስኪተው ድረስ መቅደስ እንዳይገባ፣ ከውጭ ቆሞ እንዲያስቀድስ ቀኖና ሰጥተውታል። መጽሐፎቹን አቶ ትዕዛዙ እያጉረመረመ መልሶለታል።

ግዝቱ ተፈታ፤ ሱሱ ግን አልተፈታም። ሳምንት ይቆያል፤ ይወድቃል፤ ነግሮኝ እንደገና ይጀምራል። ሌሎቹም ከግዝቱ በኋላ አንዳንዱ ተመልሷል። የወረዳው ሰው «ቁጥርሽ ቀነሰ» ብሎኛል። ይቀንስ። አሁን የሚመጣ ልጅ ወድቄያለሁ ለማለት አይፈራም። ስለ አንድ ነገር ግን እርስዎን አመሰግናለሁ፤ የላኩት ገብስ ከሁሉ በለጠ። እጃቸው ወደ ኪስ ሲሄድ ቆሎ ያገኛል፤ አፋቸውም ሥራ አይፈታም። ቤተ ሙከራው ከትምህርት በኋላ ወፍጮ ቤት ይመስላል።

ፋሲካን ክንዱ ከእኔ ጋር ዋለ። ወደ ቤት ሂድ ስለው «አባቴ ብቻውን ሊፈስክ ነው» እያለ እያለቀሰ እንኳ አልሄደም። ገና አልደፈረም ነበር። አከራዬ ዶሮ ላከችልን። ሁለታችንም ብዙ አልበላንም።

ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ግን እመጣለሁ ብሏል። መቅደስ እንደማይገባ አስቀድሜ ንገሪልኝ ብሎኛል። ሰው ሁሉ ሲያየው ከውጭ ይቆማል። እባክዎ፣ ብቻውን መስሎ እንዳይታየው።

ልጅዎ ያምሮት


ሰከላ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2001 ዓ.ም.

ልጄ ያምሮት፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ።

በዓሉ እንዴት ዋለ ብለሽ በጋሹም በሹፌሩም አስጠይቀሻል። ጋሹ ወሬ ያበላሻል፤ ከእኔ ስሚው።

ክንዱ በዋዜማው መጣ። ከሰው ቀድማ በቅሎዋ አወቀችው። ጉልበቴን ሲስም ጋቢው ሸተተኝ። አሁንስ ዝም አላልሁም። «በመንገድ አጨስህ?» አልሁት። «ጥሊሊ ላይ፤ አንድ» አለኝ። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም። ልጄ እውነቱን ነገረኝ። እሳት አነደድሁ፤ በላን።

አንድ ነገር አላወቅሽም። ከማዶ ማርያም ዲያቆን ለመዋስ መልእክት ስልክ፣ አብረው አንድ ቄስም እንዲያውሱኝ ለምኛቸው ነበር። «ታመህ ነው?» ብለው ላኩብኝ። «ደህና ነኝ፤ የምቆምበት ሌላ ቦታ አለኝ» አልሁ። ቄስ ገብረ ሕይወት አልገባውም፤ እኔም አላስረዳሁትም።

ሌሊቱን ማኅሌት ተቆመ። ቅዳሴው ሲደርስ አምስቱ ልዑካን ገቡ። ክንዱ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ቅጥሩ ጋ ካለው ጥድ ሥር ቆመ። ሕዝቡ ዞር እያለ ያየው ነበር፤ ባለፈው ቅዳሴ ያስታጎለ ልጅ ነውና። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ሄጄ ከጎኑ ቆምሁ።

«አባ፣ ምነው አትገባም?» አለኝ።

«እዚህ ነው የምቆመው» አልሁት።

«ሰው ምን ይላል?»

«የሚለውን ይላላ።»

ያምሮት፣ እኔ ቄስ ከሆንሁ ወዲህ ቅዳሴን ከውጭ አይቼው አላውቅም። ከውጭ የሚቆመው ሰው ብዙ ነው። ትዳሩ የፈረሰ አለ፣ ከወንድሙ የተጣላ አለ፣ ለማንም ያልተናገረው ያለበት አለ። ሁሉም ተራርቆ፣ ለየብቻው፣ ዛፍ ዛፉን ይዞ ነው የሚቆመው። ይህን ሁሉ ዘመን ከውስጥ ስባርካቸው ፊታቸውን አላየሁትም ነበር።

የተዋስነው ዲያቆን ከውስጥ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ክንዱም በከንፈሩ አብሮ አለ። ድምፅ አልነበረውም፤ እጁ ግን ጽናጽል እንደያዘ ሰው ይንቀሳቀስ ነበር። መልሱ የሕዝብ ነው። እሱን ግን ማንም አልሰማውም፤ ማንም አይመልስለትም። እኔ መለስሁለት። ሰው እስኪዞር ድረስ ጮክ ብዬ «እግዚኦ ተሣሃለነ» አልሁት። ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው እሱ የዲያቆኑን ሲል እኔ የሕዝቡን እመልስለት ነበር።

እሑድ ወደ ቡሬ ተመልሷል። ለክበቡ ገብስ አሸክሜዋለሁ፤ አታሳርሪው፤ ያረረ ቆሎ ጥርስ ይሰብራል። ለክረምት ሲመጣ ሲጋራውን ትቶ ይሁን ሳይተው እሱና አምላኩ ያውቃሉ። ለሐምሌ ጊዮርጊስ ግን ከማርያም ዲያቆንና ቄስ እንዲያውሱኝ ከወዲሁ ነግሬያቸዋለሁ።

አንቺም ትምህርት ሲዘጋ ወደ ጢስ ዓባይ ከመውረድሽ በፊት ብቅ በዪ። እኛ ቤት አሁን እሳት ይነዳል።

አባትሽ
ቄስ አድማሴ